ኃላፊነት ይከራያልን?

በማንኛውም የሕንፃ ፕላን ወረቀት ግርጌ፣ በስተቀኝ ጥግ፣ አንዲት አነስተኛ ሣጥን ትገኛለች። ውስጧ ብዙ ነገር አይጻፍም። የባለቤቱ ስም፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ መለኪያው፤ ከዚያም ሦስት መስመሮች፤ የነደፈው፣ ያረመው፣ ያጸደቀው። ከጎናቸው ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ማኅተም። ቤት የሚያሠራ ሰው ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ዓይኑ የሚሮጠው ሳሎኑ የት እንደሆነ፣ ምድር ቤቱ ስንት ሱቅ እንደሚወጣው ለማየት ነው። ያችን ሣጥን ልብ ብሎ የሚያያት የለም።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ከዚያች ሣጥን የሚመነጭ ነው። ሰው ያላየውንና ያልሠራውን ሥራ «እኔ አጽድቄዋለሁ» ብሎ ሊፈርም ይችላልን? ቤትና መኪና እንደሚከራይ ሁሉ ኃላፊነትስ ይከራያልን? ጥያቄው የአርክቴክቶች የውስጥ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ከቦሌ እስከ አያት በየዕለቱ የምንገባባቸውና የምንወጣባቸው ሕንፃዎች ሁሉ በአንድ ሰው ማኅተም የቆሙ ናቸውና ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን ለማየት አንድ ወጣት አርክቴክት እናስብ። ልደታ አጠገብ ካለው የሕንፃ ኮሌጅ ተመርቆ፣ በሰው ቢሮ ጥቂት ዓመታት ተቀጥሮ፣ የሙያ ፈቃዱን አግኝቶ፣ በመጨረሻ የራሱን ቢሮ ከፍቷል። ቢሮው ገርጂ ውስጥ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብለውታል። ሁለት ኮምፒዩተሮች፣ አንድ የፕላን ማተሚያና በቅርቡ የተመረቀች አንዲት ረዳት አሉት። ሥራ የሚመጣለት በዘመድ፣ በጓደኛና በጓደኛ ጓደኛ ነው። አንዱ ቪላ ያሠራል። ሌላው የእናቱን ቤት አፍርሶ ባለ 4 ፎቅ ሕንፃ ለማቆም ይመኛል። ሦስተኛው ንድፉን አይቶ «ላስብበት» ብሎ ይሄድና ለሌላ ሰው አሳይቶ በርካሽ ያስጨርሰዋል።

የዲዛይን ገንዘብ እንደ ደመወዝ በወር በወር የሚገባ አይደለም። ውል ሲፈረም ጥቂት፣ የመጀመሪያው ንድፍ ሲቀርብ ጥቂት፣ ፈቃዱ ሲወጣ ደግሞ የቀረው እየተባለ ይከፋፈላል። ያች «የቀረችው» የምትባለው ክፍያ ብዙ ጊዜ በዚያው የቀረች ናት። የቢሮ ኪራይ ግን ቀርቶ አያውቅም።

እንዲህ ባለ አንድ የክረምት ሳምንት የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛው ጥቅል ወረቀት በብብቱ ይዞ ይመጣል።

«ወንድሜ፣ ሥራው ያለቀ ነው። አንተ እንዳትደክም፤ ማኅተምህን ብቻ አሳርፍበት።»

«ማን ነው የሠራው?»

«አንድ ጎበዝ ልጅ ነው። ፈቃድ ስለሌለው እንጂ ካንተም ከእኔም ይሻላል።»

የሚከፈለው ገንዘብ የሁለት ወር ኪራይ ይሸፍናል። የሚወስደው ጊዜ አምስት ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ ቶሎ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ማኅተሙን የሚያከራየውን ሰው ክርክር በቅጡ ሳይሰሙ የሚሰጥ ፍርድ ግን ሚዛን ያጣል። ክርክሩ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ፕላኑን የሠራው ልጅ ችሎታ አለው፤ ያገደው ወረቀት ብቻ ነው። ፈቃድ ለማግኘት የሥራ ልምድ ያስፈልጋል፤ ልምድ ለማግኘት ደግሞ ሥራ ያስፈልጋል። ታዲያ ማኅተሙን ያዋሰው ሰው በሩን ከፈተለት እንጂ ምን በደለው? ሁለተኛ፣ ቤት ሠሪው አቅም የለውም። ሙሉውን የዲዛይን ዋጋ ክፈል ቢባል ያለ ፕላን፣ በፎርማን ግምት መሥራቱ አይቀርም። ሦስተኛ፣ እኔ ባልፈርም ሌላው ይፈርማል፤ የኔ እምቢታ እኔን ከማስራብ በቀር የሚለውጠው ነገር የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነትነት ስላላቸው ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ። ሦስተኛውን ግን ማንኛውም ጥፋተኛ ሊለው ስለሚችል ክርክር ልለው ይቸግረኛል። ሦስቱም ሳይመረምሩ የተቀበሉት አንድ ሐሳብ አለ። ማኅተም ስለ ፕላኑ ጥሩነት የሚሰጥ ምስክርነት ነው ብለው ይነሣሉ። ፕላኑ ጥሩ ከሆነ ማንም ይፈርም ማን ምን ለውጥ ያመጣል? በበኩሌ ማኅተም ምስክር አይመስለኝም። ማኅተም ዋስ ነው።

ዋስትናን የእኛ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ዋስ የሚጠራው ነገር ለሚበላሽበት ቀን ነው። ባለዕዳው በጊዜው ከከፈለ ዋሱን የሚያስታውሰው የለም፤ ባለዕዳው ሲጠፋ ግን የሚያዘው ዋሱ ነው። ስለዚህም ዋስ ሲመረጥ አገር የሚያውቀው፣ ሲፈልጉት የሚገኝ ሰው ይመረጣል። በጥንቱ የአገራችን ሥርዓት ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ በነጠላቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ቁራኛ ይባል ነበር። እስኪፈረድ ድረስ አንዱ ካንዱ ሊለይ አይችልም። በሕንፃ ላይ የፈረመ ሰውም ከሕንፃው ጋር እንዲሁ የተቆራኘ ነው። የታሰረበትን ነጠላ ለሌላ ሰው አውሶ እቤቱ ሊተኛ አይችልም።

ሕግም ነገሩን የሚያየው በዚሁ ዓይን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የባቢሎኑ ሐሙራቢ ባወጣው ሕግ፣ የሠራው ቤት ተደርምሶ ባለቤቱን የገደለበት ግንበኛ ራሱ እንዲሞት ተደንግጎ ነበር። ጭካኔው ለዛሬ ሰው አይዋጥም፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ሕንፃውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ስለ ጥንካሬው ዋስ እንዲሆን አድርጓል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝሙትንና ሕዝብ የሚገለገልባቸውን በከፍተኛው ምድብ አስቀመጠ፤ የንድፉንም ሥራ ለተመዘገበ ባለሙያ ሰጠ። የሁሉም መነሻ አንድ ነው። ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው ፌሮ ቆጥሮ፣ አርማታ መርምሮ አይተኛም። አምኖ ነው የሚተኛው። ያ እምነቱ ደግሞ በአንድ በሚታወቅ ሰው ስም ላይ ማረፍ አለበት።

ማኅተሙ ኖሮ ዋሱ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ከተማ፣ ሃያት ሪጀንሲ በተባለ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ባገለገለ ሆቴል ውስጥ የምሽት ጭፈራ ነበር። በአዳራሹ አናት ላይ ከጣሪያ በብረት ዘንጎች የተንጠለጠሉ መተላለፊያ ድልድዮች ነበሩ። ከነዚህ አንዱ ባንዱ ላይ የነበሩ ሁለቱ ወደቁና 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ። በመጀመሪያው ንድፍ ላይኛውንና ታችኛውን ድልድይ የሚይዘው ከጣሪያ የሚወርድ አንድ ወጥ ዘንግ ነበር። ሥራው ላይ ግን ለማምረትና ለመግጠም እንዲቀል ዘንጉ በሁለት ተከፈለና ታችኛው ድልድይ ከላይኛው ላይ ተንጠለጠለ። ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው እያንዳንዳቸው ገመዱን በገዛ እጃቸው ቢይዙ እጃቸው የሚችለው የየራሳቸውን ክብደት ነው። ታችኛው ሰው ከላይኛው እግር ላይ ቢንጠለጠል ግን የላይኛው እጅ የሁለቱንም ክብደት ይሸከማል። የሆነው ይኸው ነው። ንድፉ መጀመሪያም ደንቡ ከሚጠይቀው ጥንካሬ በታች እንደነበር በምርመራ ታውቋል፤ ለውጡ ደግሞ አባሰው። ለውጡ የታየበት የሥራ ፕላን ግን የመሐንዲሱ ማኅተም አርፎበት ነበር። መገጣጠሚያውን ቁጭ ብሎ ያሰላው ሰው አልነበረም። ኃላፊ የነበሩት መሐንዲሶች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ለውጥን የሚመለከት ነው። የትኛውም ሕንፃ በወረቀቱ ላይ እንዳለ ተሠርቶ አያልቅም። ሰሚት አካባቢ አንድ ሳይት ላይ ፎርማኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይደውላል። «ጋሼ፣ ይቺ ኮለን የሱቁን በር ዘጋችው፤ ትንሽ ገፋ ብናደርጋትስ?» በማግሥቱ ባለቤቱ ራሳቸው ይመጣሉ። «ልጄ፣ የተፈቀደው አራት ነው፤ መሠረቱ አንድ ቢጨመርበት አይችልም?» ማኅተሙ ተከራይቶ ከሆነ ስልኩ የሚደወለው ለማን ነው? ፕላኑን የሠራው ልጅ ስሙ ወረቀቱ ላይ የለም። የፈረመው ሰው ሳይቱ ሰሚት ይሁን ሳሪስ አያውቅም። አገናኙ የራሱን ድርሻ ተቀብሎ ሄዷል። ስለዚህ መልሱን የሚሰጠው ፎርማኑ ራሱ ነው። ጎበዙ ልጅ የሠራው ፕላን ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ከዚያች ጠዋት በኋላ እየተሠራ ያለው የእሱ ፕላን አይደለም።

እስከዚህ ድረስ መልሱ ግልጽ ይመስላል፤ «ያልሠራኸውን አትፈርም» ነው። የሚከብደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ወጣቱ አርክቴክት የጓደኛውን ጥቅል መለሰ እንበል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ሥራ እየበዛለት መጣ። ረዳቶቹ አራት ሆኑ፤ ከዚያም አሥራ ሁለት። አሁን እያንዳንዱን መስመር ራሱ ሊሠምር አይችልም። ጠዋት ክፍለ ከተማ ስብሰባ አለው፤ ከሰዓት በኋላ አያት ሳይት ይሄዳል፤ ማታ የጨረታ ሰነድ ይጠብቀዋል። አንዷ የሠራችውን ደረጃ፣ ሌላው የሠራውን ምድር ቤት በራሱ ማኅተም ያወጣል። ይህ ታዲያ ከቀድሞው በምን ይለያል? ያኔም ሌላ ሰው የሠራውን እንዲፈርም ነበር የተጠየቀው፤ አሁንም ሌላ ሰው የሠራውን እየፈረመ ነው። ቢሮ ማሳደግ ማለት እኮ በሌላ ሰው ሥራ ላይ መፈረም ማለት ነው።

በከተማችን ትልልቅ ሥራ የሠሩ ቢሮዎች ሁሉ በዚህ ያለፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የመጣው እስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ከኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስ ጋር ሆኖ የሠራበት ቢሮ፣ እስከ 1966 ባሉት ጥቂት ዓመታት የፍል ውሃን መታጠቢያና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ ጨምሮ በርካታ ንድፎች አውጥቷል። ያን ሁሉ መስመር ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሊሠምሩት አይችሉም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የግል ቢሮን ታሪክ አቋረጠው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ፎቅ የሚያሠራ የግል ደንበኛ ጠፋ። ትልልቁ ንድፍ ወደ መንግሥት ድርጅቶች ገባ። በመንግሥት ድርጅት ውስጥ ፈራሚው የበላይ አለቃ ነው፤ ኃላፊነቱም የመሥሪያ ቤቱ እየተባለ ይታለፋል። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ፣ በተለይም በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ከወጣ ወዲህ የግል አሠሪው ተመለሰ። በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ የነበሩ ቪላዎች ለፎቆች ቦታ ለቀቁ። ከተማው በገርጂና በሲ.ኤም.ሲ. አልፎ ወደ አያት ተስፋፋ። በ1996 ዓ.ም. ገደማም የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሙከራ እዚያው ቦሌ ገርጂ ላይ ተጀመረ። ሥራው በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ቁጥር በዚያው ፍጥነት ሊጨምር አልቻለም። ለማኅተም ኪራይ ገበያ የተገኘለት በዚህ ክፍተት ውስጥ ይመስለኛል።

እንግዲህ በሐቀኛው ፈራሚና በአከራዩ መካከል ያለው ድንበር የት ነው? እኔ የደረስሁበት መልስ አጭር ነው። ፈራሚው «እምቢ» ማለት ይችል ነበር ወይ? እምቢ ሊል የማይችል ሰው «እሺ» ቢል እሺታው ትርጉም የለውም። ፊርማም እንዲሁ ነው። እምቢ ለማለት ደግሞ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

አንደኛው ጊዜ ነው። ፕላኑን ዘርግቶ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ የሌለው ሰው የሚቃወመውንም ሊያገኝ አይችልም። አንድ ባለሙያ በሳምንት ስንት ፕላን በእውነት ሊያነብ እንደሚችል እሱ ራሱ ያውቀዋል። ከዚያ በላይ የፈረመው ከቢሮው ውስጥ የወጣ ቢሆንም እንኳ ከኪራዩ አይለይም። ሁለተኛው ሥልጣን ነው። የራሱ ረዳት የሠራችውን ደረጃ አስጠርቶ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ሊል፣ ሰርዞ እንደገና ሊያሠራ ይችላል። ጓደኛው በጥቅል ያመጣለትን ግን አያውቀውም፤ ሠሪውንም አያገኘውም።

ሦስተኛው ስለ ሥነ ምግባር ሲወራ የሚረሳው ነው። እሱም ገንዘብ ነው። ኪራዩም የሠራተኛው ደመወዝም በአንድ ደንበኛ ኪስ ውስጥ ያለ ቢሮ እምቢ የሚል አፍ የለውም። በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየውን መስተዋት ልብ በሉ። ባለቤቱ «ፊቱ ሙሉ መስተዋት ይሁንልኝ፤ የጎረቤቴን አላየኸውም?» ይላሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ያለች፣ በመስኮት ነፋስ ብቻ ዓመቱን ሙሉ ሊቀዘቅዝ የሚችል ሕንፃ የሚሠራባት ከተማ ናት። ፊቱን ወደ ምዕራብ የሰጠ የመስተዋት ግድግዳ ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይን ሰብስቦ ቢሮውን ምድጃ ያደርገዋል። ከዚያ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ማቀዝቀዣ ይከተላል። አርክቴክቱ ይህን ያውቃል። ግን የመጨረሻው ክፍያ ገና አልተከፈለውም። «እሺ ጋሼ» ይላል፤ ይፈርማል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የዚያ «እሺ» ዋጋ ስንት እንደሆነ ባለቤቱ በየመለዋወጫው ያየዋል። በራሱ ፕላን ላይ ተቀምጦም ቢሆን ያ አርክቴክት ኃላፊነቱን አከራይቷል።

ስለዚህ ትንሽ ቢሮ ማሳደግ የሚጀምረው ሠራተኛ ከመቅጠር አይደለም፤ ጥቂት ወር ያለ ሥራ የሚያቆይ ስንቅ ከመያዝና ከአንድ ደንበኛ መዳፍ ከመውጣት ነው። የሚያድገውም በሚያነበው ልክ መሆን አለበት። አሥራ ሁለት ሰው የሠራውን የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሁለተኛ አንባቢ፣ ፈቃድና የመሰረዝ ሥልጣን ያለው ሸሪክ ያስፈልገዋል። እሱን እስኪያገኝ ሥራ መመለስ አለበት። ሥራ መመለስ ለትንሽ ቢሮ ሞት ይመስላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ግን ለቢሮም ይሠራል፤ የፈሰሰ አርማታ ደግሞ አይለቀምም።

አሁን ወደ ኋላ ወደ ተውኋቸው ሁለት ክርክሮች ልመለስ። ፈቃድ የሌለው ጎበዝ ልጅ በእውነት በር ተዘግቶበታል። ማኅተም የሚያውሰው ሰው ግን በሩን አልከፈተለትም። ስሙን ከወረቀቱ ላይ ፍቆ ስለ ሥራው የሚያስረዳበትን ማስረጃ አጠፋበት እንጂ። የሚረዳው በቢሮው አስቀምጦ፣ ሥራውን አብሮት አንብቦ፣ «የነደፈው» በሚለው መስመር ላይ የልጁን ስም ቢያሰፍርለት ነበር። ሦስቱንም መስመሮች በገዛ ስሙ የሚሞላ የቢሮ ባለቤትም ኪራዩን ገለበጠው እንጂ አልተወውም። ላሊበላን የጠረቡ እጆች ስማቸው አልደረሰንም፤ ትውፊቱ ሌሊት ሌሊት መላእክት ያግዙ ነበር ይላል። መላእክት የልምድ ወረቀት አያስፈልጋቸውም። ልጆቻችን ግን ያስፈልጋቸዋል።

ስም ማካፈል የሚያሳንስ እንዳልሆነም ምሳሌ አለን። በአዲስ አበባ የሚገኘው፣ ከባሕር ዛፍ ደን መካከል ቀይ ቀለም ባለው አርማታ የተሠራው የኔዘርላንድ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ካንን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ሲያገኝ፣ ከኔዘርላንዳውያኑ ዲክ ቫን ጋመረንና ብያርኔ ማስተንብሩክ ጋር የአዲስ አበባው አባ አርክቴክትስ ስሙ አብሮ ተጠርቷል። የኔዘርላንዶቹ ክብር በዚያ አልቀነሰም። የአገር ውስጡ ቢሮ ግን ሌላ ደንበኛ ፊት ሲቆም የሚያሳየው ነገር አገኘ።

አቅም የሌለውን ቤት ሠሪ በተመለከተም የሚሻለው ከትልቅ የሐሰት ማኅተም ትንሽ የእውነት ሥራ ነው። ቀላል ፕላን፣ መሠረቱ ሲጣልና ጣሪያው ከመሞላቱ በፊት ሳይቱን መርገጥ፣ ፎርማኑ ሲደውል ስልክ ማንሣት። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ሊያንስ ይችላል። ሰው ግን ከሥራው በስተጀርባ አለ።

ቤት ለማሠራት የምታስቡ አንባብያንም ከዚህ ነገር ነጻ አይደላችሁም። ርካሽ ማኅተም የሚሸጥ የተገኘው ርካሽ ማኅተም የሚፈልግ ስላለ ነው። ፕላናችሁ ሲመጣ ከሳሎኑ በፊት ያችን የግርጌ ሣጥን እዩ። እዚያ ላይ ስሙ ያለው ሰው ቦታችሁን ረግጦት ያውቃል? ስልኩ ይነሣል? አንድ ጊዜ እንኳ «ይህ አይሆንም» ብሏችሁ ያውቃል? ሁልጊዜ እሺ የሚላችሁ ከሆነ ደስ አይበላችሁ።

ኃላፊነት ይከራያልን? የሚከራየው የማኅተሙ ቀለም ብቻ ነው። ኃላፊነቱ ከቀለሙ ጋር አብሮ አይሄድም። አከራዩ ይጥለዋል፤ ተከራዩ አይቀበለውም፤ ባለቤቱም የገዛው ይመስለዋል። ሕንፃው ግን ያለ ዋስ ይቆማል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ሰው ይተኛል።